ማሽላው ስንት ኩንታል ነው?

ባጃጅ ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ቆሞ «የግብርናና የምግብ ውጤቶች ባዛር፣ ለአምስት ተከታታይ ቀናት፣ እዚሁ ቆቦ!» ብሎ ሲጮህ፣ ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ስሌት ጥዬ ከተማሪዎቼ እኩል ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ መሮጥ የምከለክለውም እኔው ነኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔ ግን ጉዳዬም አላልኩት። ደወል እንደተደወለ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ባጃጅ ይዤ ወደ አባቴ ቤት ከነፍኩ።

አባቴ ከቆቦ ወደ ሮቢት ከሚወስደው አስፋልት ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የሚዘሩት ማሽላ አያታቸው ይዘሩት የነበረውን ነው። በሚያዝያ ይዘራል፣ በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ደህና ክረምት ካገኘ ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ይደብቃል። እንጀራው ሁለት ሦስት ቀን አድሮ እንኳ አይደርቅም። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥር፣ ለማገዶ ይሆናል። ጥፋቱ አንድ ነው፤ መሬቱን ስምንት ወር ሙሉ ይዞ ይቀመጣል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በጉድጓድ ውኃ በዓመት ሁለት ጊዜ ሽንኩርት የሚያመርት፣ ስልክ ከጆሮው የማይለይ ገበሬ ነው። በሱ ዓይን የአባቴ ማሽላ ልሂድ የማይል እንግዳ ነው።

«አባ፣ ይኸን ማሽላ ተዚህ መንደር በቀር ማን ያውቀዋል? ገበያ ሲወጣ ተሌላው ጋር ተደባልቆ ነው የሚሸጥ። የታችኛውንም ማሳ ሽንኩርት እናድርገው» ይላቸዋል።

በዚህ ነገር ዓመት ሙሉ ተከራክረዋል። ያን ቀን የባዛሩን ወሬ ስነግራቸው አባቴ አዳመጡና ጣታቸውን ወደ ማድ ቤቱ ጣሪያ ቀሰሩ። ለዘር የተመረጡት የማሽላ ዛላዎች ነቀዝ እንዳይነካቸው ከጭሱ በላይ ተንጠልጥለዋል።

«እንግዲያ ባዛሩ ይፍረደን» አሉ። «ዘመዳችን ያልሆነ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይኸን ማሽላ እፈልገዋለሁ ካለ እንዘራዋለን። ተጠፋ ዘሩን አውርደን ቆልተን እንበላዋለን፤ ማሳውን ውሰደው።»

ወንድሜ አባቴ በዘረጉት መዳፍ ላይ መታ። ተስማሙ ማለት ነው። እኔ ግን ወደ ዛላዎቹ ቀና ብዬ አየሁ። ይኼ ዘር አንዴ ከተበላ ተበላ ነው፤ የትም ሱቅ ሄደው አይገዙትም።

በማግሥቱ ከወረዳ የተሳታፊዎችን ፎርም ይዤ መጣሁ። ስም፣ ቀበሌ፣ የምርት ዓይነት፤ ሁሉንም ሞላን። የመጨረሻው ሣጥን «ለገበያ የሚቀርብ መጠን በኩንታል» ይላል።

«አባ፣ ስንት ልበል?»

«አልሐምዱሊላህ በይ።»

«አልሐምዱሊላህ ቁጥር አይደለማ!»

«ተቁጥር ይበልጣል» አሉና ተነሥተው ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ የአገሬን ነገር ላስረዳ። በእኛ አውድማ እህል ሲሰፈር ቁጥር አይጠራም። ሰፋሪው ቁናውን ሞልቶ በገለበጠ ጊዜ ሁሉ የሚለው «በረካ» ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውም በረካ፣ መቶኛውም በረካ። ቁጥሩ የተጠራ እህል በረከቱ ይነሣል፣ ዓይንም ይገባበታል። ስንት አገኛችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ወይ ባለጌ ነው ወይ የመንግሥት ሠራተኛ። አባቴ ሲጠየቁ «አልሐምዱሊላህ፣ አለ» ይላሉ። ድንበርተኛቸው ክርስቲያኑ ሽማግሌ ደግሞ «እግዜር የሰጠን አለ» ይላሉ። ሃይማኖቱ ሁለት፣ መልሱ አንድ። እኔ ከዚህ ቤት ወጥቼ የሂሳብ አስተማሪ መሆኔን አባቴ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ነው የሚያዩት።

ፎርሙን ሣጥኑ ባዶ እንደሆነ አስገባሁት። የተቀበለኝ ሠራተኛ የተከመረውን ወረቀት አገላብጦ አሳየኝ። የማሽላና የጤፍ ገበሬ ሁሉ ሣጥኑን ባዶ ትቶታል። የሞሉት የሽንኩርትና የቲማቲም ገበሬዎች ብቻ ናቸው። ሽንኩርት ከመስኖው ጋር ትናንት የመጣ ስለሆነ አባቶቻችን እሱን የሚመለከት ደንብ አልተዉልንም።

ባዛሩ የተከፈተ ዕለት ቆቦን ብታዩዋት! ጥምቀት ካለፈ ገና ሳምንቱ ነው፤ ከተማዋ ግን ሌላ ዓመት በዓል የመጣላት ትመስል ነበር። አልጋ የሚባል ሁሉ ተይዞ፣ ማደሪያ ያጡ ነጋዴዎች ዋጃ ድረስ ሄደው አደሩ። የባጃጅ ነጂዎች ምሳ መብላት ረሱ። ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩት ሰውዬ አንድ ሠርግ ቀኑን እንዲያሸጋግርላቸው ለምነዋል ሲባል ሰማሁ። በኳስ ሜዳው ላይ ድንኳን ከድንኳን ተጋጥሞ ቆሟል። ቀይ ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት፣ ቲማቲም በሣጥን፣ ማንጎና ፓፓያ፣ ከደጋ የወረደ ማርና ገብስ፣ ከአፋር በኩል የመጣ የግመል ወተትና የሰባ ፍየል፤ ምኑ ቅጡ! የውኃ ፓምፕ ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ የሰዉን ጆሮ አደነቆረ። አንዲት ሴት የማሾ ሾርባ በነጻ ታስቀምሳለች። እኔ ሦስት ጊዜ ተሰለፍኩ። በሦስተኛው ላይ አወቀችኝና «አስተማሪ፣ እኔም እኮ መቁጠር እችላለሁ» አለችኝ።

የደስታዬ ምክንያት ሾርባው ብቻ አልነበረም። እዚህ መንገድ ዳር ሽንኩርት በከረጢቱ ሲበሰብስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያንኑ ሰሞን ደሴ ያለው ምግብ ቤት በእሳት ዋጋ ይገዛል። በሁለቱ መካከል ሦስት አራት ደላላ ቆሞ አንዱ ሌላውን እንዳያይ አድርጎታል። በዚያ ሜዳ ላይ ግን ከደሴ የመጣ ባለ ምግብ ቤት ከጎረቤታችን የሽንኩርት ገበሬ ጋር ቁጢጥ ብሎ፣ ሽንኩርት ልጦ፣ እንባው እየወረደ ስልክ ሲለዋወጥ በዓይኔ አየሁ። ፍየል ይዞ የመጣው አፋር ለከብቶቹ አገዳ ከሮቢት ሰው ጋር ተዋዋለ። ፍየሉን ሸጦ ደግሞ እዚያው ፓምፑ ዘንድ ቆሞ ዋጋ ይጠይቃል። ኢኮኖሚ የሚባለው ነገር በሬዲዮ ሲወራ እኛ የማንደርስበት ሰማይ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያለው ሰውና የፈለገው ሰው ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው የሚጀምረው። አገር ያላትን ነገር እንዳላት ካላወቀች ከሌላ ትገዛለች፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አባቴ ከሌሎች የማሽላ ገበሬዎች ጋር አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ ፍሬው በሳህን፣ ዱቄቱ በሳህን፣ እኔ የጋገርኩት እንጀራ ደግሞ በሰፌድ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ቀን ሰው እያየ «ማሻአላህ» እያለ አለፈ። በሁለተኛው ቀንም ማሻአላህ ብሎ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ማሻአላህ የሚለውም ቀነሰ። ወንድሜ ሽንኩርቱን በጊዜ ጨርሶ እየመጣ «አባ፣ ቆሎው መቼ ነው?» እያለ ይቀልዳል። ሌሎቹ ይስቃሉ፣ አባቴም ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ከኮምቦልቻ በኩል፣ ዱቄትና የሕፃናት ገንፎ ለሚያመርት ድርጅት እህል የምትገዛ ናት። ብዙም አላወራችም። ፍሬውን በጥርሷ ሰበረች፤ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሸችው። ከዚያ እንጀራውን አነሣችና «መቼ የተጋገረ ነው?» አለች።

«ትናንት ወዲያ» አልኳት።

አጠፈችው። አልተሰበረም። ደግማ አጠፈችው፤ አሁንም አልተሰበረም። ፊቷ በራ።

«ከውጭ በመጣ ስንዴ ዱቄት ስንደባልቅ ኖረን፣ ይኼ እዚሁ መንገድ ዳር ተቀምጧል?» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አባት፣ መጀመሪያ ለሙከራ አንድ መኪና ልጫን። ወፍጮው ከወደደው ለከርሞ በውል እናዘራዎታለን። ስንት ኩንታል አለዎት?»

እኔ ወደ አባቴ ጠጋ አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለ» አሉ አባቴ።

«ጥሩ፤ በኩንታል ስንት ይሆናል?»

«የሚበቃ አለ።»

«ለማን የሚበቃ?»

«ለመጣው ሁሉ።»

ሳቀች። አጠገባቸው ያሉትን ድንበርተኛችንን ጠየቀች፤ «እግዜር የሰጠን አለ» አሏት። ቀጥለው ያሉትን ጠየቀች፤ እሳቸውም ወደ ሰማይ አመለከቱ። አሁን ሳቋ ጠፋ። እነዚህ ሰዎች ናሙና ብቻ ይዘው የመጡ ባዶ ቤቶች ናቸው ብላ እንዳሰበች ከፊቷ ላይ አነበብኩት። ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ፣ አመስግና ሄደች።

ደሜ ፈላ። «አባ! ቁጥር እንጂ ጉበትዎን አልጠየቀችዎትም እኮ!»

«ሪዝቅ ተሆነ ይመለሳል፤ ምን ያስጮኸሻል?» አሉ። እጃቸው ግን የማሽላውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ያሽከረክር ነበር።

እኔ ሪዝቅ፣ አላህ የመደበው ድርሻ፣ ተመልሶ እስኪመጣ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ ብዕሬን አወጣሁ። ከሳምንት በፊት፣ የአስተማሪ አመል ሆኖብኝ፣ የአባቴን ጎተራ በእርምጃ ዞሬዋለሁ። ቁመቱን ከራሴ ቁመት ጋር አስተያይቼዋለሁ። ዙሪያውን ይዤ፣ ስፋቱን አውጥቼ፣ በቁመቱ አባዝቼ፣ ወደ ኩንታል ለወጥኩት። ሃያ ሰባት! ሁለቴ ሠራሁት፤ ሁለቴም ሃያ ሰባት። ነጠላዬን ሰብስቤ በሕዝቡ መካከል ስሮጥ ተማሪዎቼ «ቲቸር!» እያሉ ተከተሉኝ። ሴትዮዋን መውጫው በር ላይ ደረስኩባት።

«ሃያ ሰባት ኩንታል አላቸው» አልኳት እያለከለክሁ። «ልጃቸው ነኝ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ነገ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ። ሠላሳ ትይዛለች፤ ሃያ ሰባቱ ይበቃኛል» አለች። እዚያው በር ላይ አቅፌ ሳምኳት፤ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት።

ለአባቴ ነገ ልትጭን ትመጣለች ብዬ ነገርኳቸው። ቁጥሩን ግን ዋጥኩት። «አላልኩሽም?» አሉኝ ደስ ብሏቸው።

በባዛሩ የመጨረሻ ቀን ጠዋት መኪናው ወደ መንደራችን ሲገባ ልጅ አዋቂው ወጥቶ ተቀበለው። ወንድሜ መሰላል አቁሞ ጎተራው ላይ ወጣ፣ ክዳኑን አነሣ፣ አንገቱን አስገባ። ሲያወጣው ፊቱ ሌላ ነው።

«እታለም፣ ነይ እስኪ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ወጣሁ። ማሽላው ከጎተራው ወገብ በታች ነው።

ሴትዮዋም ወጥታ አየች። ስትወርድ ድምፅዋን አላነሣችም፤ ያ ነው የባሰኝ። «ሃያ ሰባት ተብዬ ነበር» አለች።

አባቴ ዞር ዞር ብለው «ማነው ሃያ ሰባት ያለሽ?» አሉ። መንደርተኛው አፉን በእጁ ያዘ። ቁጥር በአደባባይ ሲጠራ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ዕለት ይመስለኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እኔ ነኝ፣ አባ። ጎተራውን ለክቼ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው እንደወትሮው ሆነ። «ጎተራውን ለካሽ» አሉ። «ተሱ የበላውን ሰው ግን አለካሽም።»

ነገሩን በጆሮዬ ያስረዳኝ ወንድሜ ነው። አባቴ ዘካቸውን፣ የድሃውን ድርሻ፣ ከአውድማው አውጥተዋል። ከዚያ ደግሞ ዝናብ ለቀረባቸው የታች ቆላ ዘመዶቻችን በግመል አስጭነው ልከዋል። ይኼን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ከተማ የምኖረው እኔ ብቻ አላውቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔን ነው። ለመልቀምም ጊዜ አልነበረኝም፤ ሹፌሩ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አስነሥቷል።

«ልጄ፣ ቆይ» አሏት አባቴ ሴትዮዋን። «መኪናሽ ተሞላ ይበቃሻል?»

«ሠላሳ ኩንታሉ ከሞላማ…»

«ቁጥሩን ተይው። መኪናው ተሞላ ይበቃሻል ወይ?»

«ይበቃኛል።»

«ይሞላል፣ ኢንሻአላህ።»

ከዚያ አባቴ ወደ ድንበርተኛቸው አዩ። ሽማግሌው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «ጎተራውን ክፈቱ!» ብለው ወደ ልጆቻቸው ተጣሩ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ቤት ተከፈተ። ለካ ያ ማሽላ በየጓዳው አለ! ሁሉም የገዛ ልጁ «ማን ያውቀዋል» እያለ ሲነዘንዘው የከረመ ኖሯል። በአህያ መጣ፣ በሰው ጀርባ መጣ፣ አንዱም በግመል መጣ። ከሁሉ የገረመኝ ወንድሜ ነው። መኪናው ባዶውን ቢመለስ ማሳው የሱ ነው፤ እሱ ግን ከረጢቱን እየተሸከመ ከሁሉ ፊት ይሮጣል። ሸሚዙ ላብ በላብ ሆኖ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

አንድ ነገር ቀረ፤ ሚዛን። ሴትዮዋ ሳትመዝን መጫን አትችልም። ሚዛኑ ሲወርድ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሁን ሊበተን ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል አባቴ ጠሩኝ።

«ነይ ወዲህ። አስተማሪ አይደለሽ? ጻፊው፤ አትጥሪው።»

እንዲህም ይቻላል ለካ! ለፎርሙም ይኼንኑ ብጠይቃቸው ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ለሚዛኑ ሰጥተው ወደ ማሳው ዞረው ቆሙ። ሴትዮዋ ሚዛኑን ታያለች፣ በጣቷ ታሳየኛለች፣ እኔ አፌን ዘግቼ እጽፋለሁ። ከረጢቱ መኪናው ላይ ዘጭ ባለ ጊዜ ሁሉ ሽማግሌዎቹ ዘወር ሳይሉ ባንድ ድምፅ «በረካ!» ይላሉ። ልጆቹም ተቀበሏቸው። በስተመጨረሻ ሹፌሩም፣ ሴትዮዋም «በረካ!» እያሉ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ድምሩን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እዚህም አልጽፈውም።

መኪናው ሞላ። ወንድሜ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ገመዱን ማሰር ጀመረ። ሴትዮዋ የአባቴን እጅ ጨብጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አባት፣ ይኼን ማሽላ እፈልገዋለሁ። ለከርሞም እፈልገዋለሁ» አለች።

አባቴ ቀና ብለው ወንድሜን አዩት። በማሳው ጉዳይ መዳፍ የተማቱት ሁለቱ ናቸውና የሚመልሰው እሱ ነው። ወንድሜ ገመዱን በጉልበቱ ረግጦ ሳበ፣ ቋጠረ፣ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«አባ፣ የታችኛው ማሳ ማሽላ ነው» አለ ከላይ። «እኔው ራሴ አርሰዋለሁ።»

አባቴ ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ የትከሻቸውን ፎጣ ወደ ፊታቸው ሳቡና ተንሰቀሰቁ። በሰባ ዓመታቸው፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት። አምስት ቀን ሙሉ ሲስቁ፣ ሲቀልዱ፣ እኔን «ምን ያስጮኸሻል» ሲሉኝ የነበሩት ሰው ከሁላችን በላይ ፈርተው ኖሯል። እኔ ጎተራቸውን ስለካ ይኼን አላየሁላቸውም። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና እጃቸውን ያዝኩ፤ መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ እስኪጠፋ ድረስ አለቀቅኳቸውም።